ማን ሞቶ ነው የምንሄደው?

እማዬ የጎረቤታችንን አልጋ ልብስ መጀመሪያ ያየች ቀን ከንፈሯን መጠጠች። ፀሐይ እንዲመታው በረንዳው አጥር ላይ ተሰጥቶ ነበር። ቀይ ቁራጭ፣ ሰማያዊ ቁራጭ፣ አበባ ያለበት፣ መስመር ያለበት፣ መዳፍ የማታክል ጨርቅ ሳትቀር ተጋጥማበታለች።

«ምስኪን!» አለች። «ልጅ የላትም እንዴ? ድሪቶ እኮ ነው የምትለብሰው።»

ድሪቶ! ቃሉን ከሰማሁት ስንት ዘመኔ።

አልፈረድኩባትም። እኛ ዘንድ ድሪቶ የቸገረው ሰው ልብስ ነው። ሲቀደድ ይጣፋል። የተጣፈው ሲቀደድ ሌላ ይጣፍበታል። በመጨረሻ የመጀመሪያው ጨርቅ የቱ እንደነበር ባለቤቱም አያውቀው። ላስረዳት ስሞክር ደግሞ ነገሩን አባባስኩት። «እማዬ፣ ይሄ የተጣፈ አይደለም። አዲስ ጨርቅ ተገዝቶ፣ ሆን ተብሎ ተቆራርጦ የተሰፋ ነው።»

«አዲሱን ጨርቅ? በመቀስ?» ብላ አማተበች።

እዚህ አሜሪካ ኩዊልት ይሉታል። ሦስት ንብርብር ነው። ከላይ ያ የተገጣጠመው ጨርቅ፣ መሃል ላይ ስስ የጥጥ ንጣፍ፣ ከሥር ገበር። ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ ከዳር እስከ ዳር በክር ይወጋሉ። የእኛ ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ብዙም አይራራቁም። የዚያ ኩዊልት ባለቤት የ79 ዓመት አያት ናቸው። ቨርጂንያ ውስጥ፣ ከእኛ በአንድ አጥር የሚለየው ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ።

ሲተዋወቁ የመጀመሪያው ችግር የስም ጉዳይ ነበር። ሴትዮዋ «በስሜ ጥሪኝ» አሉ። እማዬ በጭራሽ። እሷ 68 ዓመቷ ነው፤ በ11 ዓመት የሚበልጧትን ሴት እንዴት ብላ በባዶ ስም ትጥራ? «እትዬ» አለቻቸው። ትርጉሙን ሲጠይቁኝ «ታላቅ እህቴ እንደማለት ነው» አልኳቸው። ወደዱት። ታላቅና ታናሽ የሚለው ነገር ግን አልገባቸውም መሰለኝ፣ እሳቸውም እማዬን «እትዬ» ማለት ጀመሩ። አሁን አጥሩ ላይ ቆመው «እትዬ!» «እትዬ!» ሲባባሉ የሚሰማ ሰው አንድ ሰው ከራሱ ጋር የሚያወራ ይመስለዋል።

የእትዬ መስፊያ ክፍል ድሮ የልጃቸው መኝታ ቤት ነበር። ልጃቸው ካሊፎርኒያ ነው ያለው፤ በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ይመጣል። ግድግዳው በሙሉ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው በሙሉ ጨርቅ ነው፣ በየቀለሙ ተለይቶ የተቀመጠ። እማዬ ዙሪያውን አየችና ጥጉ ላይ ያለውን ጥቁር የስፌት መኪና ስታይ ፊቷ በራ። «ሲንጀር!» አለች። ያለ አስተርጓሚ የተግባቡበት የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው። መርካቶም ደብረ ብርሃንም፣ ልብስ ሰፊ በተቀመጠበት በረንዳ ሁሉ ያየችው መኪና ነዋ።

ጨርቁ የሚሸጥበት አንድ መጠን አለ፤ «ፋት ኳርተር» ይሉታል። ቃል በቃል ተርጉሜ «ወፍራም ሩብ» ስላት እማዬ በሳቅ ፈረሰች። «ጨርቅ ይወፍራል እንዴ?» ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሩብ ያርድ ጨርቅ ተራ በሆነ መንገድ ቢቆረጥ 9 ኢንች ስፋት ያለው ረጅም መቀነት ይሆናል። ለኩዊልት አይመችም። ስለዚህ ግማሽ ያርዱን ቆርጠው ለሁለት ይከፍሉታል፤ 18 በ22 ኢንች የሆነ ሰፋ ያለ ቁራጭ ይወጣዋል። እማዬ ይሄን ስትሰማ ሳቋን አቆመች። «ብልህ ናቸው» አለች።

ከዚያ እትዬ አንዱን ኩዊልት ገልብጠው ጀርባውን አሳዩን። ጥጉ ላይ ትንሽ ነጭ ጨርቅ ተሰፍቷል። ላዩ ላይ በክር ስማቸው፣ ከተማው፣ ዓመቱ፣ ለማን እንደተሰፋ ተጽፏል። ጥሩ ኩዊልት ሰፊ ያለዚህ ሥራዋን ጨረስኩ አትልም አሉን።

«ስማቸውን ነው የጻፉት?» አለች እማዬ ቀስ ብላ።

አያቴ ትዝ አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ የፈተለች ሴት ናት። ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን አመልማሎ አድርጋ፣ ከዚያ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሹራ ትለቀዋለች። ስንት ልቃቂት ሠርታ እንዳለፈች የቆጠረ የለም። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የለበስኩት ጋቢ የእሷ ፈትል ነው። ጋቢውን ያየ ሁሉ ግን የሚጠይቀኝ «የት ነው ያሸመንሽው?» ብሎ ነበር። ሸማኔው ይታወቃል፣ ይከፈለዋልም። ፈታይዋ «ቀጭን ፈታይ ናት» ተብላ ትዳራለች፤ በቃ፣ ከዚያ በኋላ ስሟ ከፈትሉ ጋር አይነሳም። ጋቢው ጥግ ላይ የሷን ስም መጻፍ ለማናችንም አልታየንም። ለራሷም ቢነገራት «ምን ቆርጦኝ!» ነበር የምትለው።

እማዬ እንዝርቷን ይዛ ነው የመጣችው፤ በርበሬና ሽሮ መሃል በነጠላ ተጠቅልሎ። ጥጥ ግን አልነበራትም። ስለዚህ እትዬ ኩዊልቱ መሃል የሚገባውን የጥጥ ጥቅል ሲዘረጉ «ባዘቶ!» ብላ ከወንበሯ ተነሳች። ቆርሰው ሰጧት። በሁለት ጣቷ ሳብ አደረገችው፤ አልሳብ አለ። ጠንከር አድርጋ ሳበችው፤ ተበጠሰ። ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች፣ ብርሃን ላይ አየችው፣ አሸተተችው።

«ይሄ ጥጥ ተረግጧል» አለችኝ። «ሙጫ ነገርም አለበት። አይፈተልም።»

ተረጎምኩ። እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። ልክ ናት። ያ ጥጥ ውስጥ ለውስጥ እንዳይበታተን ወይ በብዙ መርፌ ተጠቅጥቆ ወይ በማጣበቂያ ተይዞ ነው ገበያ የሚወጣው። እትዬ ይሄን ያወቁት ከብዙ ዓመት ስፌት በኋላ ነው። እማዬ በሁለት ጣት አወቀችው። በሳምንቱ ለፈታይ የሚሸጥ የተበጠረ ጥጥ በፖስታ አስመጡላት። ያን ቀን እማዬ ያንን ክፍል ውስጥ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ ስትፈትል ክሩ ከጣቷ እየረዘመ ሲወጣ፣ እትዬ ወለሉ ላይ አብረዋት ለመቀመጥ ሞከሩ። ጉልበታቸው እምቢ አለ። ወንበር ሳቡ።

እዚህ ላይ እንደተለመደው «ፈረንጅ አያት ብቻዋን ትኖራለች፣ የእኛ አያት ግን በልጅ ልጅ ተከባ...» ብዬ ብጽፍ ብዙ ሰው ይስማማል። እኔም በየቡናው ላይ ስንቴ ብዬዋለሁ። እውነትም አለው። እትዬ አንገታቸው ላይ አንድ ነገር ያንጠለጥላሉ። እማዬ ማተብ መስሏት ልትሳለመው ደርሳ ነበር። ቁልፍ ናት። ቤት ውስጥ ብቻቸውን ቢወድቁና መነሳት ቢያቅታቸው ይጫኗታል፣ ሰው ይደውላል፣ አምቡላንስ ይመጣል። ይሄን ሳስረዳት እማዬ ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየች። «ጎረቤት የለም እንዴ?» አለችኝ።

እኛው ነን እኮ ጎረቤቱ። ያን ጊዜ እዚያ ሰፈር ከገባን ሁለተኛ ዓመታችን ነበር።

ግን ትዝብቴ ወዲያ አይደለም። የከነከነኝ የመንገዱ ነገር ነው።

እትዬ ቤት አይቀመጡም። ሐሙስ ሐሙስ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ከሌሎች ሰፊዎች ጋር ይሰበሰባሉ፤ የማኅበር ነገር ነው፣ ዳቦ በኬክ ተተካ እንጂ። በጋ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። በአንድ አካባቢ ያሉ የኩዊልት ሱቆች ይነጋገሩና እንደ ፓስፖርት ያለች ትንሽ ደብተር ያዘጋጃሉ። አያቶቹ ሁለት ሦስት ሆነው መኪና ይይዙና ከከተማ ከተማ እየዞሩ በየሱቁ ማኅተም ያስመታሉ። ደብተሩ የሞላለት ዕጣ ውስጥ ይገባል። በየመንገዱ ምሳ ይበላል፣ ጨርቅ ይገዛል፣ ይሳቃል። እማዬ ነገሩን ስነግራት «ታዲያ ንግሥ ነዋ!» አለች። «ከደብር ደብር ነው የሚዞሩት። ማኅተሙ ምን ያደርግላቸዋል?» ምንም አያደርግላቸውም። የሚያስቀናው እሱ ነው።

አንድ ቀን እትዬ ለቅዳሜ ጠሯት። ላንካስተር እንሂድ አሏት፤ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ነው፣ አሚሽ የሚባሉ ሃይማኖተኞች በፈረስ ጋሪ የሚሄዱበት፣ በኩዊልታቸው የታወቁበት አገር። በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው።

«ማን ሞቶ ነው?» አለች እማዬ።

«ማንም አልሞተም።»

«ታሞ ነው?»

«የለም እማዬ። ጨርቅ ለማየት ነው።»

«ጨርቅ ለማየት ብቻ?» እኔን አየችኝ፣ እትዬን አየቻቸው። «ልጆቹንስ ማን ይይዛል?»

አልሄደችም።

አያቴም እንዲሁ ነበረች። ከደብረ ብርሃን ወዲያ ማዶ ነበር ቤቷ። ያለ ምክንያት ከበራፏ ወጥታ አታውቅም፤ ምክንያቱ ግን አልቆባትም አያውቅም። ለቅሶ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ጸበል አለ፣ የተሳለችው ስለት አለ። «ለቅሶ ደርሼ ልምጣ» ብላ የወጣች ሴት በአራተኛው ቀን ትመለሳለች፤ የሸኖ ቅቤ ቋጥራ፣ ዶሮ ይዛ፣ የሦስት ወረዳ ወሬ ተሸክማ። ደብረ ሊባኖስ ስትሄድ ያቺን ጥልፍ ቀሚሷን ከሳጥን ታወጣለች። አውቶቡሱ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር እንዴት እንደሚሳሳቁ እማዬ ታስታውሳለች። መንገዱን ትወደው ነበር ማለት ነው። ግን «ደስ ስለሚለኝ ነው የምሄደው» የምትልበት አፍ አልነበራትም። ታቦት ወይ ሬሳ ይቅደም እንጂ ሴት ወይዘሮ እንዲሁ አትንሸራሸርም።

የአያቴ ክብር ግን እዚህ የለም። ሚኒባስ ተራ ላይ ረዳቱ «እማማ፣ ይግቡ» ብሎ ጋቢና ያስቀምጣታል። ዘንቢሏን የሚሸከምላት አይጠፋም። እትዬ ሁሉ ነገራቸው በአንዲት ካርድ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ቨርጂንያ ውስጥ ሰው 75 ዓመት ካለፈው መንጃ ፈቃዱን ሲያድስ በአካል ቀርቦ ዓይኑን ይመረመራል። እትዬ ያንን ቀን ልክ እንደ ፍርድ ቀን ነው የሚፈሩት። በእኛ ሰፈር ታክሲ ተራ የለም፣ አውቶቡሱ በሰዓት አንዴ ቢመጣ ነው። ያቺ ካርድ ከተወሰደች ሐሙስም የለ፣ ጨርቅም የለ።

መንገድ እንደሚወሰድ ያጫወቱኝም እሳቸው ናቸው። አላባማ ውስጥ ጊስ ቤንድ የሚሏት መንደር አለች። ወንዝ በሦስት በኩል ከቧታል፤ ነዋሪዎቿ የባሪያዎች የልጅ ልጆች ናቸው። የዚያች መንደር ሴቶች የሰፉት ኩዊልት በእማዬ አነጋገር ሙሉ ለሙሉ ድሪቶ ነው። ከተቀደደ የሥራ ሱሪ፣ ከአሮጌ ሸሚዝ የተገጣጠመ። አንዷ እ.ኤ.አ. በ1942 የሟች ባሏን የሥራ ልብስ ቀድዳ እሱን ለማስታወስ የምትለብሰውን ሰፍታለች። እነዚያ ድሪቶዎች በ2002 መጀመሪያ ሂውስተን፣ ቀጥሎ ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር አደረጋቸው። ሴቶቹ ግን ወንዙን የሚሻገሩበት ጀልባ ነበራቸው። ካምደን ወደምትባለው ከተማ ለመራጭነት ለመመዝገብ መሄድ ሲጀምሩ፣ በ1962 ጀልባው እንዲቆም ተደረገ። የተመለሰው በ2006 ነው፣ ቴምብሩ በወጣበት ዓመት። 44 ዓመት ሙሉ ማዶ የምትታየው ከተማ ለመድረስ ዞረው ሲሄዱ ኖሩ።

ይሄን ለእማዬ ስነግራት ስለ ኩዊልቱ አንድም ነገር አልጠየቀችም። «የእኛም እኮ ተወሰደ» አለች። ከአዲስ አበባ ደብረ ሊባኖስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለእትዬ ከቁርስ እስከ ምሳ የሚሄዱበት መንገድ ማለት ነው። እገታ የሚሉት ነገር ከመጣ ወዲህ ግን ደብረ ብርሃን ያለችው አክስቴ ወደ ሩቅ ጸበል መሄድ ትታለች። ሰፈሯ ያለው ደብር ትሳለማለች፣ ትመለሳለች።

እና እማዬ? የእሷን መንገድ ማን ወሰደው? እኔ ነኝ።

ስወልድ ልታርሰኝ መጣች። ገንፎዬን አብልታ፣ ልጄን አጥባ፣ ሦስት ወር ቆይታ ልትመለስ ነበር። ከዚያ እኔ ሥራ ገባሁ፣ ሁለተኛው ተወለደ፣ ግሪን ካርዱ ወጣ፣ አራት ዓመት ሞላ። እዚህ የሕፃናት መዋያ የሚያስከፍለው ከቤት ኪራይ የሚፎካከር ነው። «እናቴን አመጣኋት» ብለን በኩራት የምናወራ ሁላችን ሂሳቡን እናውቀዋለን፤ ጮክ ብለን አናወራውም እንጂ። አዲስ አበባ እያለች ጠዋት ኪዳን ታደርሳለች፣ ከሰዓት እድር አላት፣ ማኅበር አላት፣ ቢሰለቻት እህቷ ጋ ደብረ ብርሃን ትሄድ ነበር። እዚህ መኪና አትነዳም፣ ቋንቋው የላትም፣ በሩ ሲዘጋ ከሁለት ሕፃንና ከቴሌቪዥን ጋር ነች። እትዬ ብቸኛ ናቸው ብዬ የማዝነው እኔ፣ በእኔ ቤት ያለችውን እስረኛ አላየሁም።

በጥቅምት አንድ ቀን ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። ልጆቹን ባለቤቴ ጋ ትቼ እማዬንና እትዬን ጭኜ ወደ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ወጣን። ጋራው ጫፍ ላይ ስካይላይን ድራይቭ የሚሉት 105 ማይል መንገድ አለ። በሩ ላይ እትዬ «እሷ የራሷ ካርድ ይኑራት» ብለው ሙጭጭ አሉ። 62 ዓመት የሞላው ሰው 80 ዶላር ከፍሎ ዕድሜ ልኩን ብሔራዊ ፓርኮች የሚገባበት ካርድ ነው። ዜጋ መሆን ግድ አይደለም፣ ግሪን ካርድ ይበቃል። (እትዬ 10 ዶላር በነበረ ጊዜ ነው የገዙት፤ ዋጋው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሰቀል የተናደዱት እስካሁን አልወጣላቸውም።) ካርዱ ጀርባ ላይ መፈረም ነበረባት። እስክሪብቶ ሰጠኋት። ጭኗ ላይ አስደግፋ፣ ሳትቸኩል፣ ስሟን ከነአባቷ በአማርኛ ጻፈች። ካርዱ ከባለቤቱ ጋር መኪናው ውስጥ ያለውን ሁሉ ያስገባል። «በእኔ ነው የገባችሁት» አለች፣ በሩን እንዳለፍን።

ፍጥነቱ 35 ማይል ነው፤ ከዚያ በላይ አይነዳም። «ምነው፣ መኪናው ተበላሸ?» አለች። ሰው በየመመልከቻው ጥግ እየቆመ ገደሉን ያያል፣ ቅጠሉን ያያል፣ መኪናው ውስጥ ይገባል፣ እንደገና ይቆማል። ሦስተኛው ላይ እሷም መውረድ ጀመረች። አራተኛው ላይ ቀድማን ወረደች። «ልክ ጣርማ በር!» አለች። እትዬ ምን እንዳለች ጠየቁኝ። ሸዋን በምን አፌ ልተርጉመው።

ቢግ ሜዶውስ የሚሉት ሜዳ ጋ ምሳ በላን። እማዬ ከቦርሳዋ እንዝርቷን አውጥታ ወንበሩ ላይ መፍተል ጀመረች። እትዬ መርፌያቸውን አወጡ። አንድ ሰዓት ያህል ምንም አላወሩም። ስንነሳ እማዬ ከቧንቧው በሃይላንድ ውኃ ቀዳች።

ማታ ለአክስቴ ደወለች። ተራራ ላይ ውዬ መጣሁ አለቻት፣ ውኃም ቀድቻለሁ።

«እሰይ፣ ደግ አደረግሽ!» አለች አክስቴ። «የማን ጸበል ነው?»

እማዬ እኔን አየችኝ። ሃይላንዱን አየችው።

«ጸበል አይደለም። ዝም ብለን ነው የሄድነው።»

«ዝም ብላችሁ?»

«አዎ። ዝም ብለን።»

አክስቴ ምንም አላለችም። እማዬ ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችውና መልሳ አስጠጋችው። «ኔትወርኩ ነው» አለችኝ።